ለፍየሏ የጠራነው ሐኪም

ቤታችሁ ፍየል ወይ ላም ከሌለ ይሄን ጽሑፍ ብታልፉት ቅር አይለኝም። ወተት ከመንደር የምትገዙ ከሆነ ግን ትንሽ ቆዩ።

የምጽፈው ድሬዳዋ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ ስለሚያክም አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው። ስሙን አላነሳም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ነገር አለኝ፤ እሱ ደግሞ ማስታወቂያ ሥራልኝ አላለኝም። የምር የቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ራሱን አስፈቅጄ ስልኩን እልክላችኋለሁ።

እናቴ ከተማው ዳር ነው የምትኖረው። 11 ፍየሎች አሏት። ነበሯት ልበል፤ አሁን ስምንት ናቸው፣ ወደዚያ እመጣለሁ። ወተቱን ግማሹን እኛ እንጠጣዋለን፣ ግማሹን በሃይላንድ ጠርሙስ እየለካች ለሦስት ጎረቤቶች ትሸጣለች። ግልገል ሲወለድ ጅብ ትፈራለች። ስለዚህ ካርቶን አንጥፋ ከአልጋዋ ሥር ታሳድረዋለች። ይሄ የእሷ ብቻ አመል አይደለም፤ ድሬም ሆነ ሐረር ዳር ዳሩን ብትሄዱ ሰውና ፍየል አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበት ቤት አታጡም።

ግንቦት ላይ አንዷ ፍየል ጨነገፈች። ያኔ የጠራነው ሌላ ባለሙያ ነበር። መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ አያት፣ «ብርድ መቷት ነው» አለ። አቦ፣ ድሬዳዋ! በግንቦት! ብርድ! ኦክሲ የሚሉትን አንቲባዮቲክ አንድ መርፌ ወጋት፣ 400 ብር ተቀበለ፣ ሄደ። እጁን እንኳ አልታጠበም። የሞተውን ግልገል ምን እናድርገው ስንለው «ጣሉት» አለን። ጣልነው። ደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ ውሻ የሚራኮትበት ቦታ። የእንግዴ ልጁንም እማዬ በእጇ ሰብስባ እዚያው ደፋችው።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ሁለተኛዋ ጨነገፈች። ይቺኛዋ በሌሊት አምጣ አምጣ ሲያቅታት እማዬ በስልክ መብራት እያየች ራሷ ጎትታ አወጣችላት። ጠዋት ስደርስ ደም የነካው ቀሚሷን አጥባ አስጥታዋለች፣ ቡና ልታፈላ እየተሰናዳች ነው። ሌባ ጣቷ ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ የቆረጣት ቁስል አለ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

አሁን የምጽፍለትን ሐኪም የጠቆመኝ አንድ ሳቢያን የሚሠራ ባጃጅ ነጂ ነው። ሁለት ላም አለው። «ይሄ ሰውዬ ወሬ ያበዛል፣ ግን እውቀት አለው» አለኝ። ሁለቱም ልክ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎ 3 ሰዓት ላይ መጣ። በሞተር። ከኋላው የበረዶ ሳጥን አስሯል። ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ግን ከሞተሩ ወርዶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር አፌን አስያዘኝ። ጫማውን አውልቆ ቦት አደረገ፣ ጓንት ሁለት ደርቦ አጠለቀ፣ ከዚያ ፍየሏን ሳያይ «ሳሙናና ውሃ አምጡልኝ፣ ሲበዛ ይሻላል» አለ። የመጀመሪያ ጥያቄውም የፍየሏን ዕድሜ አልነበረም።

«ማነው በእጁ የጎተተው?»

እማዬ እጇን እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ብድግ አደረገች። ሌባ ጣቷን አየ። ወደኔ ዞሮ ምንም አላለም፣ ግን ፊቱ ተቀየረ።

«እማማ፣ እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ወባዋ አልለቀኝ ብላ ነው እንጂ።»

እዚህ ላይ ልቁምና ላስረዳ። እማዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ እየተኮሳት፣ ሌሊት አንሶላው እስኪርስ እያላባት፣ ወገቧንና ጉልበቷን እያመማት ነበር። ጠዋት ደህና ትሆናለች። ድሬ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወባ ነው፤ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ አዲሷ የከተማ ትንኝ ያመጣችው ወባ ያየ ሕዝብ ነን። ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ጣቷን ተወግታ ሁለቴም ወባ የለም ተብላለች። ከዚያ «ታይፎይድ ሊሆን ይችላል» ተባለና ክኒን ተሰጣት። ፍየል አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ልጇ ነኝ፣ ፍየሎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ግን ፍየል ከትኩሳት ጋር ምን አገናኘው?

ሐኪሙ አገናኘው። ብሩሴሎሲስ ይባላል አለ፣ የውርጃ በሽታ። ፍየል፣ በግ፣ ላም፣ ግመል ይይዛል። ፍየሏ ላይ የሚታየው መጨንገፍ ነው፤ ሰው ላይ ግን ወባ መስሎ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል። ወደ ሰው የሚሄደው በሁለት ነገር ነው፦ በጥሬ ወተት፣ እና ስትወልድ ወይ ስትጨነግፍ በሚወጣው ደም፣ ሽርት ውሃና እንግዴ ልጅ። ቁስል ካለ ደግሞ በር ተከፈተለት ማለት ነው። ሌሎችም የሚያስጨነግፉ በሽታዎች አሉ፣ ስለዚህ ሳልመረምር አልፈርድም አለ። ይሄ አባባሉ ነው የመጀመሪያዬን እምነት ያገኘው። «ብርድ ነው» ካለኝ ሰውዬ በኋላ አላውቅም የሚል ባለሙያ ማየት ራሱ ያሳርፋል።

እማዬ ወዲያው «እንግዲያ ያን መድኃኒት ለኔም ስጠኝ» አለችው። ሳቀ። «እኔ የፍየል ሐኪም ነኝ እማማ፣ እርስዎን ብነካ ያስሩኛል» አለ። ከማስታወሻ ደብተሩ ቅጠል ገንጥሎ ጻፈላት፦ ይህች ሴት የጨነገፈች ፍየል በባዶ እጇ አዋልዳለች፣ ያልፈላ ወተት ትጠጣለች፣ የብሩሴላ ምርመራ ቢደረግላት። ሦስት መስመር ነው፣ ከነፊርማው። ያቺን ወረቀት ይዘን ስንሄድ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «የፍየል ሐኪም ሪፈር ጻፈ?» ብላ ጓደኛዋን ጠርታ ተሳስቀውብናል። ሐኪሙ ጋ ስንገባ ግን አልሳቀም። ደም ታዘዘ፣ ተገኘባት። ሁለት ዓይነት መድኃኒት፣ ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን፣ ስድስት ሳምንት።

ስድስት ሳምንት ቀላል አይምሰላችሁ። በአስረኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፣ እማዬም «ድኛለሁ፣ ቀሪውን ለሌላ በሽታ ላስቀምጠው» ማለት ጀመረች። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ጠዋት እያለቀሰች ደወለችልኝ፣ ሽንቴ ብርቱካን የመሰለ ሆነ፣ ኩላሊቴ አለቀ ብላ። የሪፋምፒሲን ጠባይ ነው፣ ምንም አይደለም፤ ግን መድኃኒቱን የሰጣት ሰው አስቀድሞ አልነገራትም። እኔ በየማታው እየሄድኩ ክኒን ስቆጥር ከረምኩ። ካቋረጠችው በሽታው ተመልሶ ይመጣል ተብያለሁና።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ።

ያን ቀን ሰውየው ግቢያችን ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆየ። እንደ ፊተኛው ወንዙ ውስጥ የተጣለውን የሁለተኛዋን ሽል ላስቲክ እጄ ላይ አስሮ አስመጣኝ፣ ግማሹን ውሻ በልቶታል። ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረኝ፣ ኖራ አስነሰነሰኝ፣ አስቀበረኝ። በሰኔ ሙቀት። ፍየሏ የተኛችበትን ገለባ አስቃጠለን፣ መሬቱን በረኪና አስረጨን። ከዚያ ከ11ዱም ፍየሎች አንገት ደም ቀዳ፣ ብልቃጦቹ ላይ ቁጥር ጻፈ፣ ሳጥኑ ውስጥ ደረደረ። ወተቱን እስኪንፈቀፈቅ ሳታፈሉ አትጠጡ፣ ለጎረቤትም ንገሩ አለ። እርጎስ ስንለው፣ ከጥሬ ወተት ከሆነ መርጋቱ ጀርሙን አይገድለውም፣ አፍልታችሁ አርጉት አለ። ይሄን እኔ ጨርሶ አላውቅም ነበር፤ የረጋ ነገር የተዘጋጀ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ወሬ ያበዛል የተባለው እዚህ ላይ ነው የመጣው። ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ግርግሩን አይተው መጡና «ይሄ ከእንስሳ ወደ ሰው ምናምን የምትሉት አሳማ ያለበት አገር ወሬ ነው፣ እኛ አሳማ አንነካ፣ ምን አገባን?» አሉ። እውነት ለመናገር እኔም ውስጥ ውስጡን እንደዚያ ነበር የማስበው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሳማ ጉንፋን ሲባል ድሬ ላይ ማን ደነገጠ?

ሐኪሙ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። ጓንቱን አውልቆ እጁን ለሦስተኛ ጊዜ ታጠበ። ከዚያ የአሳማውን ኮሶ አስረዳን። ምዕራብ ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ታንዛኒያ ውስጥ ገበሬው ሁለት ሦስት አሳማ ፈትቶ ያረባል አለ። መጸዳጃ ቤት የሌለው መንደር ከሆነ አሳማው የሰው ዓይነ ምድር ይበላል። ኮሶ ካለበት ሰው የወጣው እንቁላል አሳማው ሥጋ ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ከረጢት ይሠራል። ያን ሥጋ በደንብ ሳይበስል የበላ ሰው ሆዱ ውስጥ ትሉ ያድጋል። እዚህ ድረስ ሽማግሌው «በላው፣ ታመመ፣ የሥራው ነው» እያሉ ነበር።

«አባባ፣ ክፋቱ ከዚህ በኋላ ነው» አላቸው። ያ ትል ያለበት ሰው እጁን ሳይታጠብ ምግብ ቢሠራና እንቁላሉ ወደ ሌላ ሰው አፍ ቢገባ፣ ከረጢቱ አሳማው ሥጋ ውስጥ እንደሚሠራው ሁሉ ሰውየው አንጎል ውስጥ ይሠራል። የሚጥል በሽታ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው በተስፋፋባቸው፣ ሰውና ልቅ አሳማ ተቀራርበው በሚኖሩባቸው ብዙ ቦታዎች ከሚጥል በሽታ 30 በመቶው ከዚሁ ትል ነው። ለዚህ ደግሞ አሳማ መብላት አያስፈልግም። ኒው ዮርክ ውስጥ አሳማ በአፋቸው የማይዞር አጥባቂ አይሁዶች በዚሁ ታመው ተገኝተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል፤ የተጠረጠረው ትሉ ካለበት አገር በመጡ የቤት ሠራተኞች በኩል ነው።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ቀጥለው «የኛስ ኮሶ?» አሉ፣ ቀስ ብለው። ጥሬ ሥጋ የሚወዱ ሰው ናቸው። የኛው የከብት ነው፣ አንጎል ውስጥ አይገባም አላቸው፣ ግን የሚዞርበት መንገድ ያው ነው፦ ከሰው መጸዳጃ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በሬ፣ ከበሬ ወደ ቁርጥ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ግቢያችን መጸዳጃ ቤት ወረወረ። በሩ ማዕድ ቤት እንደሚውል መጋረጃ ዓይነት ነው፣ ፍየል ገብቶ ይወጣል። አፈርኩ። በሳምንቱ ቆርቆሮ በር አሠራሁለት።

አንድ ሌላ የነገረን ነገር እስካሁን ይገርመኛል። አሳማውን መንደር ሙሉ የሚጨርሰው በሽታ፣ የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ኬንያ ውስጥ ነው መጀመሪያ የተጻፈለት፤ ከርከሮ ሳይታመም ይዞት ይዞራል። ሰውን ግን አይነካም። ገበሬው የሚፈራው እሱን ነው፣ ምክንያቱም አሳማው ይሞትበታል። ትሉን አይፈራም፣ ምክንያቱም አሳማው ወፍራም እንደሆነ ይሸጣል። የኛም ፍየል እንደዚያው ነች አለ። የጨነገፈችው ደህና ሆና ቆማ ትበላለች፣ ሰውየው ይተኛል።

አሁን ወቀሳ።

ውጤቱ 19 ቀን ፈጀ። ላብራቶሪው የእሱ አይደለም፣ ይገባኛል፤ ግን ስንደውል አያነሳም፣ በተለይ ከሰዓት። ከሰዓት በርጫ ላይ ነው፣ ድሬ ነው፣ ማን ይፈርዳል። ብቻ የምትደውሉ ጠዋት ደውሉ። በ19ኙ ቀን የትኛዋን ከየትኛዋ እንደምንለይ ሳናውቅ ሁሉንም አንድ ላይ አሳደርናቸው።

ደረሰኝ አይሰጥም። መምጫ 700 ብር፣ ለደሙ ደግሞ በፍየል 150 ከፍለናል፣ ሁሉም በቴሌብር። ውድ ነው አልልም፤ ከ«ብርድ ነው» 400 ብር ይሻላል። ግን ዋጋውን አስቀድሞ አይናገርም፣ ሞተሩን ሲያስነሳ ነው የሚናገረው።

ትልቁ ጥፋቱ ይሄ ነው። ሌላዋ ፍየል ጡቷ አብጦ ስለነበር መርፌ ወጋልን። ሄደ። ማታ ደውሎ «ረስቼው፣ የእሷን ወተት ለሳምንት እንዳትሸጡ» አለ። ያን ቀን የከሰዓቱ ወተት ተሸጧል፣ አንዱ ጠርሙስ ሕፃን ያለባት ጎረቤታችን ቤት ገብቷል። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን አያወጣውም። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ የስንት ቀን ወተት እንደሚደፋ ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛ፣ በማጉያ መነጽር በሚነበብ ፊደል። ማንም ይወጋላችሁ ማን፣ ሲሪንጁ ሳይነቀል በፊት ጠይቁ። ሰውየው ይቅርታ ጠይቋል፣ እማዬም ወተቱን ሄዳ አስመልሳለች፣ ግን እኔ አልረሳሁትም።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱ ተይዘዋል። ሁለቱ የጨነገፉት ናቸው። ሦስተኛዋ ግን የቤቱ ቆንጆ ነች፣ ወፍራሟ፣ ከሁሉ የበለጠ የምትታለበው፣ ምንም ያልታየባት። የአጎቴ ልጅ «ገበያ እንውሰዳቸው፣ ማን ያውቃል» አለ። ሐኪሙ ሲሰማ ተቆጣ። ዩጋንዳም እንደዚህ ያደርጋሉ አለ፣ ወረርሽኝ መጣ ሲባል ገበሬው አሳማውን በሌሊት ለነጋዴ ይሸጣል፣ በሽታውም በዚያው መኪና ቀጣይ መንደር ይደርሳል። እማዬም አልሸጥም አለች፣ ምክንያቷ ግን ሌላ ነው፤ የሚገዛት ሰው ልጅ ሊኖረው ይችላል አለች።

ታረዱ። እሱ ቆሞ፣ አራጁ ጓንት አድርጎ። ጡትና ማህፀኑ ተቀበረ፣ ሥጋው በደንብ ተቀቅሎ ተበላ። እማዬ አልቀመሰችም። የሦስት ፍየል ኪሳራ የሚከፍላት የለም። ሐኪሙ የመጨረሻውን ቀን መምጫ አላስከፈለም፣ ይሄን ልጻፍለት። ሲሄድም ሳልጠይቀው አንድ ነገር ጨመረልኝ፦ ድንገት የሞተ፣ ደም ከአፍንጫው ወይ ከኋላው የወጣ እንስሳ ካያችሁ አትግፈፉት፣ አትክፈቱት፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ ሳትነኩ ደውሉልኝ። ጠዋት ከሆነ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አምስተኛውን የቀነስኩት ለወተቱ ነው፣ ለመዘግየቱ አይደለም።

እማዬ አሁን ደህና ናት። ትኩሳቱ አልተመለሰም። የፈላ ወተት «ነፍሱ የወጣ» ነው ትላለች፣ ሻይ ውስጥ አይጥማትም። መላ ያገኘችው በሆጃ ነው፣ የቡና ገለባውን ከወተቱ ጋር እያፈላች ጨው ጣል አድርጋ፤ ጎረቤቶቹም አሁን ወተቱን እዚያው አፍልታ ካልሰጠቻቸው አይገዙም። ግልገል ከአልጋ ሥር ማሳደር ትታለች፤ ለእነሱ ከግድግዳው ጋር የቆርቆሮ ቤት ሠርተናል።

ሁለት ፍየሎች በዚህ ወር ይወልዳሉ። ሐኪሙ አንድ ካርቶን ጓንት ሸጦልን ነበር፣ አንዴ ተጠቅማችሁ የምትጥሉት ነው ብሎ አስጠንቅቆ። ትናንት ስሄድ ስድስቱ በሳሙና ታጥበው፣ ጣት ጣታቸው በመቆንጠጫ ተይዞ፣ ገመድ ላይ ተሰጥተዋል።